ብሪያና ስከሪ፦ ኮሌጅ ያወጣት በረኛ

ብሪያና ስከሪ የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ ነበረች። ለአገሯ 173 ጊዜ ተሰልፋለች። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅና አንድ የዓለም ዋንጫ አላት። የኳስ ተመልካች የሚያስታውሳት በ1999 ባዳነችው ፍፁም ቅጣት ምት ነው። ሥራውን የተማረችው ግን አምኸርስት በምትባል የኮሌጅ ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ጽሑፍም ለአምኸርስት ትንሽ ያደላል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነት

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1971 ሚኒያፖሊስ ተወለደች። ለቤቱ ዘጠነኛና የመጨረሻ ልጅ ናት። ያደገችው ዴይተን በምትባል የሚኒሶታ ትንሽ ከተማ ነው። አካባቢው የነጮች ስለነበር በቡድኖቿ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ብቸኛዋ ጥቁር እሷ ነበረች። በ1980 የአሜሪካ የበረዶ ሆኪ ቡድን በክረምት ኦሊምፒክ ሲያሸንፍ በቴሌቪዥን አየች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ኦሊምፒክ እሄዳለሁ ያለችው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ኳስ የጀመረችው ከወንዶች ጋር ነው፤ የሴቶች ቡድን አልነበረም። አሰልጣኙ እንዳትጎዳ ብሎ በር ላይ አቆማት። በረኝነት ከጉዳት ያርቃል ብሎ ያሰበ ሰው፣ በር ላይ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው። በ1989 ከአኖካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር የሚኒሶታ ሻምፒዮን ሆነች። ቅርጫት ኳስም ጎበዝ ነበረች።

አምኸርስት፣ ከ1990 እስከ 1993

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ለሴት ኳስ ተጫዋች የሙያ ሊግ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጣው በ2001 ነው። ከብሔራዊ ቡድን በታች ያለው ትልቁ ደረጃ የኮሌጅ ውድድር ነበር። ለዚህ መንገድ የከፈተው የ1972ቱ ሕግ ነው። ሕጉ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በጾታ እንዳያዳሉ አስገደደ። ኮሌጆች የሴቶች ቡድን አቋቋሙ፣ ለተጫዋቾችም የትምህርት ወጪ መሸፈን ጀመሩ። አገር አቀፉ የኮሌጅ ሴቶች ሻምፒዮና በ1982 ተጀመረ።

ስከሪ የተማረችው ፖለቲካል ሳይንስ ነው። ሐሳቧ ሕግ መቀጠል ነበር። የኮሌጅ ኳስ የሚጫወተው በመጸው ነው። ውድድሩ ኦገስት መጨረሻ ላይ ይጀምርና እስከ ኖቬምበር ይዘልቃል። ክፍል፣ ልምምድ፣ አውቶቡስ፣ ጨዋታ፣ ከዚያ እንደገና ክፍል። የኖቬምበር ማሳቹሴትስ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አጥቂው እየሮጠ ይሞቃል። በረኛው ቆሞ ይጠብቃል።

አሰልጣኟ ጂም ሩዲ ነበር። በጥቂት ጨዋታዎች አጥቂ አድርጎ እስከማሰለፍ ደርሷል። በር ላይ ያላት መዝገብ ግን ለክርክር አይመችም። በአራት ዓመት ውስጥ 65 ጨዋታ ጀመረች። 48 አሸነፈች፣ 13 ተሸነፈች፣ 4 አቻ ወጣች። በ37ቱ መረቧ አልተደፈረም። በአማካይ የገባባት 0.56 ጎል ነው።

የመጨረሻው ዓመት፣ 1993፣ ከሁሉም ይበልጣል። ከጀመረቻቸው 23 ጨዋታዎች በ15ቱ ጎል አልተቆጠረባትም። አማካዩ ወደ 0.48 ወረደ። ሁለት ጨዋታ ተደምሮ አንድ ጎል አይሞላም ማለት ነው! ቡድኑ እስከ አገር አቀፉ ግማሽ ፍፃሜ ደረሰ። እዚያ የጠበቃቸው በዚያ ዘመን ማንም የማይችለው ሰሜን ካሮላይና ነበር። 4 ለ 1 ተሸነፉ።

የሰሜን ካሮላይና አሰልጣኝ አንሰን ዶራንስ ነበር። ዶራንስ ደግሞ በዚያው ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑም አሰልጣኝ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ቡድኑ አራት ያገባባትን ልጅ ጠራት። በረኛ የሚለካው በገባበት ጎል ብቻ አለመሆኑ የገባው ሰው ነበር።

ብሔራዊ ቡድን

ማርች 16 ቀን 1994 ከፖርቱጋል ጋር የመጀመሪያ ጨዋታዋን አደረገች። ጎል አልገባባትም። በ1995ቱ የዓለም ዋንጫ በግማሽ ፍፃሜው በኖርዌይ ቡድን 1 ለ 0 ተሸንፈው ሦስተኛ ወጡ።

በ1996 የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገባ። ስከሪ ከውድድሩ በፊት “ወርቅ ካገኘን ራቁቴን እሮጣለሁ” የሚል ነገር ጣል አድርጋ ነበር። ጆርጂያ ውስጥ በምትገኘው አቴንስ ከተማ፣ 76,489 ተመልካች ፊት ቻይናን 2 ለ 1 አሸነፉ። ቃል ቃል ነው። ሌሊት ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ ሜዳሊያዋን ብቻ አጥልቃ ሮጠች።

ከዚያ የ1999 የዓለም ዋንጫ መጣ። በግማሽ ፍፃሜው፣ ጁላይ 4፣ ብራዚልን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ከባድ ከባድ ኳሶችን ያወጣችው እሷ ናት። ያን ቀን ባትኖር ፍፃሜ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ፍፃሜው ጁላይ 10 ቀን ፓሳዲና በሮዝ ቦውል ስታዲየም ተደረገ። 90,185 ሰው ገብቷል። ተጋጣሚዋ እንደገና ቻይና ናት። 90 ደቂቃው ያለ ጎል አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ፋን ዩንጂየ ከማዕዘን የመጣውን ኳስ በቴስታ ስትመታው ስከሪን አለፋት። መስመሩ ላይ የቆመችው ክሪስቲን ሊሊ በጭንቅላቷ አወጣችው። 120 ደቂቃም 0 ለ 0። ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ተሄደ።

ሁለቱም ሁለት ሁለት አገቡ። ለቻይና ሦስተኛዋ መቺ ልዩ ዪንግ ናት። ስከሪ እንደ ልማዷ ወደ በሩ የምትሄደው መቺዋን ሳታይ ነው፤ ቀና የምትለው ቦታዋን ከያዘች በኋላ ነው። ልዩ ስትመጣ ግን አየቻት። ሁኔታዋን አይታ “ይቺን አድናለሁ” እንዳለች በኋላ ተናግራለች። ልዩ መታች። ስከሪ ወደ ግራዋ ተወርውራ በሁለት እጇ ገፋችው። ከመሬት ተነስታ ቡጢዋን ጨብጣ ጮኸች። የቀሩት ሁሉ አገቡ። የመጨረሻውን ብራንዲ ቻስቴይን አስቆጠረች፣ 5 ለ 4።

ያቺ ኳስ ዛሬም ታከራክራለች። በጊዜው ደንብ በረኛ ኳሱ ሳይመታ በመስመሩ ላይ ግራና ቀኝ መንቀሳቀስ ይችላል፣ ወደ ፊት ግን አይፈቀድለትም። ስከሪ ወደ ፊት ወጥታለች፣ ምስሉም ያሳያል። እሷም አልካደችም። ዳኛዋ አላስደገመችም። በረኞች ሁሉ የሚሞክሩት ነገር ስለሆነ ብዙ ባይካበድ ጥሩ ነው። ማግስቱን ጋዜጣውን የሞላው ማሊያዋን ያወለቀችው ቻስቴይን ናት። ያዳነችዋ በረኛ ወደ ጥግ ተገፋች፤ የበረኛ ዕጣ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ

ለ2000ው የሲድኒ ኦሊምፒክ ጉዳትና የክብደት መጨመር ቦታዋን አሳጣት፤ ሲሪ ሙሊኒክስ ተሰለፈች። ከ2001 እስከ 2003 በአዲሱ የሙያ ሊግ ለአትላንታ ቢት ክለብ ተጫወተች። በ2004 አባቷ ሞተ። በዚያው ዓመት ግሪክ አቴንስ ላይ ብራዚልን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፈው ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች።

በ2007 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ አሰልጣኙ ግሬግ ራያን ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ጎል ያልገባባትን በረኛ ሆፕ ሶሎን አስቀምጦ ስከሪን አስገባ። ብራዚል 4 ለ 0 አሸነፈች። አንዱ ጎል ከራሳቸው ተጫዋች የተገባ ነው፣ ሻነን ቦክስም በቀይ ካርድ ወጥታ ነበር። ሶሎ እኔ ብሆን ኖሮ አድነው ነበር አለች። ማን ትክክል እንደነበረ ሰው እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ኤፕሪል 25 ቀን 2010 ለዋሽንግተን ፍሪደም ክለብ ስትጫወት፣ ዝቅ ብላ ኳስ ልትይዝ ስትል የአጥቂዋ ጉልበት የጭንቅላቷን ቀኝ ጎን መታት። እስከ እረፍት ተጫወተች። ከዚያ በኋላ ግን አልተመለሰችም። የአንጎል መናወጥ ነበር። ራስ ምታቱ ዓመታት ዘለቀ። ገንዘብ ሲቸግራት ሁለቱን የወርቅ ሜዳሊያዎች በ18,000 ዶላር መያዣ አስያዘች። በ2013 ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ሜዳሊያዎቹንም አስመለሰች። በ2014 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስለ ጭንቅላት ጉዳት መሰከረች።

በ2017 ለብሔራዊው የእግር ኳስ የክብር አዳራሽ ተመረጠች። ከሴት በረኞችም ከጥቁር ሴቶችም የመጀመሪያዋ ናት።