የሰሌዳ ጨዋታና የልጆች የቁጥር ዕውቀት

ሉዶ፣ ዳማ፣ ገበጣ፣ እባብና መሰላል ሁሉም የሰሌዳ ጨዋታዎች ናቸው፤ የሂሳብ መሠረት በመጣል ረገድ ግን እኩል አይደሉም። ልጅን በቁጥር የሚያበረቱት ጠጠሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንዲቆጥር፣ እንዲያነጻጽርና አስቀድሞ እንዲያሰላ የሚያስገድዱት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቺሊ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተሠሩ 19 ጥናቶችን መርምረው ነበር፤ ከተፈተሹት የሂሳብ ክህሎቶች ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ጉልህ መሻሻል አግኝተዋል።

በዘርፉ በጣም የሚጠቀሰው የሮበርት ሲግለርና የጊታ ራማኒ ሥራ ነው። ሁለቱ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በተቋቋመው የሄድ ስታርት ቅድመ መደበኛ መርሐ ግብር ከሚማሩ 124 ልጆች ጋር ሠርተዋል። ሰሌዳው በጣም ቀላል ነው፦ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ እኩል ስፋት ያላቸው፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈባቸው ካሬዎች። ልጁ 1 ወይም 2 የሚያወጣ ቀስት ያሽከረክርና የወጣለትን ያህል ይራመዳል። ሌሎቹ ልጆች ያንኑ ጨዋታ በቁጥር ፈንታ ቀለም በተቀባ ሰሌዳ ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በወሰዱ አራት የጨዋታ ክፍለ ጊዜዎች ብቻ፣ ባለ ቁጥሩ ቡድን በመቁጠር፣ ቁጥርን አይቶ በመለየት፣ ትልቁን ከትንሹ በማነጻጸርና ቁጥርን በመስመር ላይ በቦታው በማስቀመጥ ተሻሻለ። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑም ውጤቱ አልጠፋም። ባለ ቀለሙ ቡድን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳየም።

የጥናቱ ሌላ ግኝት ልብ የሚነካ ነው። በቤታቸው የሰሌዳ ጨዋታ ተጫውተው ያውቁ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች 80 በመቶው አዎ ሲሉ፣ ከሄድ ስታርት ልጆች ግን አዎ ያሉት 47 በመቶው ናቸው። ልጆቹ አንደኛ ክፍል ሳይገቡ የሚታየው የሂሳብ ልዩነት በከፊል ከዚህ ሊመነጭ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ያምናሉ።

የሰሌዳው ቅርጽም ለውጥ ያመጣል። ሲግለርና ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ቁጥሮቹ በቀጥታ መስመር ሲደረደሩ በክብ ከመደርደራቸው የተሻለ ውጤት ሰጥተዋል፤ በቀጥታው መስመር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ርቀቱም፣ የእርምጃው ብዛትም አብሮ ይጨምራልና።

ብዙ ወላጅ ሳያስተውል የሚያልፈው ግን አቆጣጠሩን ነው። ጠጠሩ 4 ላይ ቆሞ 2 ቢወጣ፣ ልጁ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ የረገጠውን ቁጥር ሳያይ ያልፋል። «አምስት፣ ስድስት» ካለ ግን ቁጥሩን ከቦታው ጋር ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 እስከ 100 በሚደርስ ሰሌዳ የተደረገ ጥናትም ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በሁለተኛው መንገድ በቆጠሩት ልጆች ላይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ አጠገቡ የተቀመጠው ትልቅ ሰው፣ አባትም ሆነ ታላቅ እህት፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ ማሳየት አለበት።

በዚህ ሚዛን ሉዶ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። የዳይሱን ነጥብ አይቶ ማወቅንና አንድ በአንድ መቁጠርን ያስተምራል፤ ቤቶቹ ግን ቁጥር የላቸውም። እባብና መሰላል ቁጥር አለው፤ ሆኖም ረድፎቹ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ስለሚታጠፉ ትንንሾቹን ያደናግራል።

ገበጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥበብ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከ100 የሚበልጡ የአፍሪካ ቀንድ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ከተለመዱት አንዱ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር አለው፤ በድምሩ 48። ተጫዋቹ አንዱን ጉድጓድ አፍሶ በሚቀጥሉት ውስጥ አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። የለመደ ልጅ ጠጠሮቹን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በዓይኑ ይከተላል፤ እጁ ገና ሳይነካ ሂሳቡን ጨርሷል። አራት ጠጠርን ሳይቆጥር በአንድ እይታ ያውቃል። በጨዋታው ማብቂያም ከጀመረበት 24 ስንት እንደተረፈው ወይም እንደጎደለው ያሰላል፤ ይህ በተግባር መቀነስ ነው። የተጻፈ ቁጥር ስለሌለው አኃዝ ማንበብን አያስተምርም፤ ለዚያ ባለ ቁጥሩ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ሰሌዳውን ለመሥራት የካርቶን ቁራጭ፣ እስክሪብቶና ሁለት ቆርኪ ይበቃሉ። ለአራት ዓመት ልጅ እስከ 10፣ አንደኛ ክፍል ለገባ እስከ 100 ማስመር ይቻላል፤ ሲለምድ በሁለት ዳይስ ማጫወት መደመርን ይጨምራል። የስልክ ሉዶ ግን ይህን አይተካም፤ ጠጠሩን ስልኩ ራሱ ስለሚያራምደው ልጁ የሚቆጥረው ነገር አይቀርለትም።