የኮሮና ልውጥ ዝርያዎች፦ ከአንቲቦዲ ማምለጥና የክትባት ጥበቃ

ኮሮና ቫይረስ ወደ ሰው ሴል የሚገባው ስፓይክ በሚባለው እሾህ መሰል ፕሮቲኑ ነው። ስፓይኩ ሴሉ ላይ ካለው ኤሲኢ2 ከተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ሰውነታችንን የሚያለማምዱት ይህንኑ ፕሮቲን እንዲለይ ነው። አንቲቦዲ ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ጠንካራ የሚባሉት አንቲቦዲዎችም ስፓይኩ ከሴሉ ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ላይ ተለጥፈው መንገዱን ይዘጋሉ።

ቫይረሱ ሲባዛ የዘር መረጃውን በሚገለብጥበት ጊዜ ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ምንም አይፈይድለትም፤ አንዳንዴ ግን ይቀናዋል። ስፓይክ 1,273 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) አሉት። 484ኛው ቦታ ላይ የነበረው ግሉታሚክ አሲድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ነው። በቤታና በጋማ ዝርያዎች ግን ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው ላይሲን ተተካ። ለውጡ ኢ484ኬ ይባላል። የተለወጠው አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ግን እዚያ አካባቢ ያርፉ የነበሩ ብዙ አንቲቦዲዎች መያዣ አጡ።

በብሪታንያ የተገኘው አልፋ የሚታወቀው በፍጥነቱ እንጂ በማምለጡ አይደለም። ከህንድ ተነስቶ በ2021 ዓለምን ያዳረሰው ዴልታም ከአንቲቦዲ ያመለጠው በመጠኑ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጋማ ከብራዚል ነው።

የዋናው ታሪክ ቦታ ደቡብ አፍሪካ ናት። ቤታን በታኅሣሥ 2020 ለዓለም ያሳወቁት በቱሊዮ ደ ኦሊቬራ የሚመራው ቡድን ተመራማሪዎች ናቸው። በየካቲት 2021 የአስትራዜኔካ ክትባት ሙከራ ውጤት ወጣ። ወደ 2,000 ሰው ተሳትፏል። በቤታ ምክንያት ከሚመጣ ቀላልና መካከለኛ ሕመም የሰጠው ጥበቃ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች ስለነበሩ ስለ ጽኑ ሕመም ምንም ማለት አልተቻለም። መንግሥት 1 ሚሊዮን ዶዝ እጁ ላይ እያለ ሥርጭቱን አቁሞ ወደ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ዞረ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ክትባቱ ቤታ ባለበትም ቢሰጥ ይሻላል ብሎ ነበር። ማን ልክ እንደነበር ዛሬም ያከራክራል።

ኦሚክሮን የመጣው በኅዳር 2021 ነው። ስፓይኩ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ነበረው። የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሳይንቲስቶች መረጃውን በቀናት ውስጥ ይፋ አደረጉ። ምስጋናው የበረራ እገዳ ሆነ! ደርባን የሚገኘው የአሌክስ ሲጋል ላቦራቶሪ ወዲያው ሥራ ጀመረ። የፋይዘር ክትባት የወሰዱ ሰዎች ደም ፈሳሽ ክፍል በየደረጃው እየቀጠነ ከሕያው ቫይረስ ጋር ይቀላቀላል። ድብልቁ ሴሎች ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ስንት ቦታ እንደተጠቃ ይቆጠራል። ደሙ ኦሚክሮንን የማምከን አቅሙ ከመጀመሪያው ዝርያ ጋር ሲነጻጸር 22 እጥፍ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ቀድሞ ተይዘው በኋላ የተከተቡት ግን የተሻለ አቅም ነበራቸው።

ኦሚክሮን ከየት ፈለቀ? መከላከያው በተዳከመ ሰው ውስጥ ለወራት ሲቆይ ተለወጠ የሚለው መላምት ሚዛን ይደፋል። ግን አልተረጋገጠም።

አንቲቦዲ ቀነሰ ማለት ክትባቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን ለይተው የሚያጠቁት ቲ ሴሎች (የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች) ከቫይረሱ ፕሮቲን ብዙ ቁራጮችን ስለሚለዩ ጥቂት ለውጦች አያሳስቷቸውም። በቫይረሱ ከመያዝ የሚሰጠው ጥበቃ በወራት ሲሳሳ፣ ከጽኑ ሕመምና ከሞት የሚሰጠው የሚቆየው በዋናነት ለዚህ ነው። ማጠናከሪያ ዶዝ ደግሞ የአንቲቦዲውን መጠንም ዓይነትም ያሰፋል።

ክፉኛ የተጎዱት በአንድ ወይም በሁለት አንቲቦዲ የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ባምላኒቪማብ ብቻውን እንዲሰጥ የነበረው የአሜሪካ ፈቃድ በሚያዝያ 2021 ተነሳ። ኢቩሼልድም በጥር 2023 ተከተለው። ክትባቶቹ ግን ታደሱ፦ በ2022 የመጀመሪያውን ዝርያና ኦሚክሮንን ያጣመሩ መጡ፣ በ2023 ከኦሚክሮን ለወጣው ለኤክስቢቢ.1.5 ተስተካከሉ፣ በ2024 ደግሞ ለሌላው የኦሚክሮን ዘር፣ ለጄኤን.1 የዘር ሐረግ።