ፌሎሺፕ ሥራ ነው ትምህርት?

ስለ አእምሮ ጤና ለሚዘግቡ ጋዜጠኞች የሚወጣውን የፌሎሺፕ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ግራ ይጋባል። ቅጥር ነው? ስኮላርሺፕ ነው? ሁለቱም አይደለም። የዘገባ ሐሳብ ይዘው ይወዳደራሉ። ካለፉ ገንዘብ፣ ሥልጠናና አማካሪ ያገኛሉ። ዲግሪ ግን አይጠብቁ።

ይበልጥ የሚያሳስተው «ነዋሪነትን የማይጠይቅ» የሚለው ሐረግ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የሮዛሊን ካርተር ፌሎሺፕ እንይ። ፌሎሺፑን የሚሰጠው ካርተር ሴንተር የተባለው ድርጅት ያለው አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ ነው። ተመራጮቹ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው እዚያ አይገቡም። ሥራቸውን ሳይለቁ፣ ካሉበት ሆነው ዓመቱን ይዘግባሉ። አትላንታ ብቅ የሚሉት ለስብሰባ ነው።

«ስታይፔንድ»ም ደመወዝ አይደለም፤ ለዘገባው ሥራ የሚሰጥ ድጎማ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ሐሳቡ ላይ ይመስለኛል። «ስለ ድብርት እጽፋለሁ» ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ዘገባ አይደለም። «ከወሊድ በኋላ በድብርት የሚያዙ እናቶች ለክትትል ሲመጡ ሕመማቸው ለምን አይታወቅም?» ቢሉ ግን ጥያቄ አለዎት፤ የሚያናግሩትም ሰው ይታወቃል፦ እናቶቹ፣ አዋላጇ፣ ሐኪሙ። ለታማሚዎቹ ምስጢር እንዴት እንደሚጠነቀቁም ይጻፉ። ራስን ስለ ማጥፋት ከሆነ ደግሞ ዘዴውን መዘርዘር አደጋ እንዳለው ማወቅዎ ይታይ።

ከአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ ከተጠየቁ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው» የሚል ምስጋና ብቻውን አይበቃም። ዋናው ነገር ዘገባውን እናወጣዋለን የሚል ቃል ነው፤ ጊዜ እንሰጠዋለን ካሉበትማ ግሩም።