የሌላ ፕላኔት ፍጡር አለ ማለትና እሱን ማምለክ

«ሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት አለ ብሎ ማሰብ ከክርስትና ያስወጣል?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ላስረዳ። አያስወጣም። መጽሐፍ ቅዱስ በቀጥታ አይናገርበትም፤ ክርስቲያኖችም የተለያየ ሐሳብ አላቸው።

ችግሩ የሚመጣው ፍጡሩ የፈጣሪን ቦታ ሲይዝ ነው። የራኤላውያንን እምነት እንውሰድ። መሥራቹ ፈረንሳዊው ክሎድ ቮሪሎን እ.ኤ.አ. በ1973 ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር እንዳገኘ ተናገረ። እንደ ትምህርቱ ሰውን የሠሩት በሳይንስ የረቀቁ የሌላ ፕላኔት ነዋሪዎች ናቸው፤ ኢየሱስም የእነሱ መልእክተኛ ነው፤ ፈጣሪ አምላክ የለም።

እሺ፣ እነሱንስ ማን ፈጠራቸው? ቆላስይስ 1፥16 በሰማይና በምድር ያለው፣ የሚታየውም የማይታየውም በክርስቶስ እንደተፈጠረ ይናገራል። የሌላ ፕላኔት ነዋሪዎቹ ቢኖሩ እንኳ እንደ እኛው ፍጡር ናቸው። አይሰገድላቸውም፤ አያድኑም። በዚህ የተሳበ ወዳጅ ካላችሁ አታሹፉበት፤ ይህንኑ ጥያቄ ረጋ ብላችሁ ጠይቁት።