የቫይረስ የዘረመል ቅኝት ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር ቡና ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወዳጄ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ የድምፅ መልእክት አሰማኝ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አላውቅም። እንደ ባለሙያ ረጋ ብሎ ያወራል፦ «የዘረመል ቅኝት ተደርጎ ቫይረሱ መለወጡ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ የምናውቀው መከላከያ አይሠራም።» ዝም ብዬ ቡናዬን ጨረስኩ። ማታ ወደ ግቢያችን ስገባ ግን እማማ (የግቢው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) የውኃ በርሜላቸው አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ቫይረሱ ከተለወጠ እንግዲህ ይህን በርሜል ስከድን መዋሌ ምን ሊረባኝ ነው?» አሉኝ። መልእክቱ እሳቸውም ጋ ደርሶ ነበር።

ይህችን ዓረፍተ ነገር በተለያየ ልብስ ለዓመታት ሰምቻታለሁ። በቃል መመለስ ሰልችቶኛልና ልጻፈው።

ቫይረስ ምን እንደሆነ፣ ቢንቢ እንዴት እንደምታስተላልፈው አላብራራም። ድሬዳዋ ኖሮ በ2006ቱ ደንጌ ወይም በ2011 ክረምት በመጣው ቺኩንጉንያ (ሁለቱም ቢንቢ የምታስተላልፋቸው፣ ትኩሳት የሚያመጡ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) ያልተኛ ሰው ካለ ጎረቤቱን ይጠይቅ። በቀጥታ ወደ ቃሉ ልግባ። የዘረመል ቅኝት ማለት ከታማሚዎች፣ አንዳንዴም ከቢንቢዎች፣ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለውን የቫይረስ ዘረመል (ቫይረሱ ሲባዛ የሚገለብጠውን፣ በኬሚካል ፊደላት የተጻፈ መመሪያ) ፊደል በፊደል ማንበብ፣ ከዚያም በሌላ ቦታና በሌላ ጊዜ ከተነበቡት ጋር እያነጻጸሩ ዝምድናውንና ጉዞውን መከታተል ነው። «መከታተል» የምትለዋ ቃል ዋናዋ ናት። አንድ ጊዜ ተነቦ የተተወ ናሙና ጥናት ሊባል ይችላል፤ ቅኝት ግን አይደለም። የሕመምተኛ ምርመራም አይደለም። ደንጌ ይዞህ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚነግርህ ሌላ ምርመራ ነው፤ የዘረመሉ ንባብ እስኪደርስ አንተ ድነህ ሥራ ገብተሃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። «መለወጡ ተረጋገጠ።» ይህ እኮ የጀጎል ግንብ በር እንዳለው ተረጋገጠ ከማለት አይለይም። እነዚህ ቫይረሶች ሳይለወጡ መባዛት አይችሉም። የምናነበውም ለውጣቸውን ነው፤ ለውጥ ባይኖር ኖሮ ቅኝት የሚባል ሥራ ራሱ አይኖርም ነበር።

የብራና መጽሐፍ አስቡ። ቁም ጸሐፊ ከፊቱ ያለውን መጽሐፍ አይቶ ይገለብጣል፤ የእሱን ግልባጭ ሌላው ይገለብጠዋል። እጅ ይደክማል፣ ዓይን መስመር ይዘላል፣ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ስህተቱን ሳያይ የተከተለው ጸሐፊ ያንኑ ስህተት ይዞ ይሄዳል፤ በላዩም የራሱን ይጨምራል። የጥንት መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሰዎች የትኛው ግልባጭ ከየትኛው እንደተወለደ የሚያውቁት በዚህ ነው፦ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ስህተት ከተጋሩ፣ ስህተቱን የሠራ አንድ አባት አላቸው። የቫይረስ የዘር ሐረግ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። የደንጌ ቫይረስ መጽሐፍ 10 ሺህ 700 ያህል ፊደላት አሉት፣ የቺኩንጉንያው ወደ 11 ሺህ 800። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ፊደሉ ቢቆጠር ከሁለቱም ያንሳል። በዚህ ትንሽ መጽሐፍ ላይ በዓመት በግምት ከ5 እስከ 10 ፊደል ይለወጥና ይዘልቃል።

ከነዚያ ለውጦች አብዛኞቹ ምን እንደሚመስሉ ልንገራችሁ። «ሰላም» የሚለውን ቃል አንዱ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል። ስታነቡት ድምፁ ያው፣ ትርጉሙም ያው ነው። የማን ግልባጭ እንደሆነ ግን ያችው ፊደል ታሳብቃለች። የቫይረሱ ለውጦች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ፊደሉ ተለውጦ የሚሠራው ፕሮቲን አይለወጥም። ለእኛ ለቤተ ሙከራ ሰዎች ወርቅ ናቸው፣ ለሕመምተኛው ምንም አይደሉም። አንዳንዱ ለውጥ «ይበላል» የሚለውን «ይባላል» ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ቆም ብለን እናያለን። ሌላው ደግሞ መጽሐፉን የማይነበብ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለውን ማንም አይገለብጠውም፣ እዚያው ይቀራል። የተለወጠ ሁሉ የባሰ ነው የሚል ሰው ይህን ሦስተኛውን ዓይነት ረስቶታል።

ምሳሌ የወደደ ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ይነዳዋል፤ እኔ ራሴ የት ላይ እንደሚሰበር ልናገር። ቁም ጸሐፊ አዋቂ ከሆነ የቀደመውን ስህተት ያርማል፣ ሁለት መጻሕፍት አስተያይቶም ሊጽፍ ይችላል። የደንጌና የቺኩንጉንያ ቫይረስ ገልባጭ ኢንዛይም ግን የጻፈውን መልሶ የሚያይበት ዓይን የለውም። (የኮሮና ቫይረስ በመጠኑ አለው፤ ስለዚህ በኮቪድ ዘመን የሰማነውን ሁሉ እዚህ አምጥቶ መለጠፍ ሌላው የጊዜያችን በሽታ ነው።)

በመልእክቱ ድምፁን የሰማሁት ወንድሜ ምናልባት እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ «በአንዲት ፊደል ለውጥ የባሰ ቫይረስ የለም?» አዎ፣ አለ። የታወቀውን ምሳሌ እኔው ላንሣለት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 እና 2006 ከማዳጋስካር ምሥራቅ ባለችው በሬዩንዮን ደሴት ከነዋሪው ሲሶ ያህሉን ቺኩንጉንያ አጠቃው። ዘረመሉ ሲነበብ በአንዱ የሽፋን ፕሮቲን 226ኛ ቦታ ላይ አላኒን የነበረው ቫሊን (ሁለቱም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች ናቸው) ሆኖ ተገኘ፤ የአንዲት ፊደል ሥራ ነው። ለውጡ ያመጣው ነገር ምን ነበር? ሰውን የበለጠ ማሳመም አይደለም። ቫይረሱ ኤደስ አልቦፒክተስ በምትባል ቢንቢ ሆድ ውስጥ በቀላሉ እንዲራባ አደረገው፤ በደሴቷ ላይ የበዛችውም እሷ ነበረች። በድሬዳዋ በርሜልና ጎማ ውስጥ የምናገኛት ግን ኤደስ ኤጂፕታይ ናት፣ በእሷ ውስጥ ያ ለውጥ ቫይረሱን ይህን ያህል የሚጠቅመው ነገር የለም። እንግዲህ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የቺኩንጉንያ ለውጥ እንኳ ትርጉሙ የሚታወቀው «በየትኛው ቢንቢ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ፊደል ብቻውን ዜና አይሆንም።

በ2011 ክረምት በከተማችን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎብጦ ሲሄድ (ቺኩንጉንያ የሚለው ስም ራሱ ከደቡብ ታንዛንያ ከማኮንዴ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ከመጉበጥ ጋር የተያያዘ ቃል ነው) ያንን ለማስረዳት ልዩ ቫይረስ መፈለግ አላስፈለገም። አብዛኛው ነዋሪ ከዚያ በፊት በሽታው ይዞት ስለማያውቅ ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም። ውኃ በየተራ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜል ነበር። ቢንቢዋም ነበረች። ሦስቱ ከተገናኙ የትናንቱ ቫይረስ በቂ ነው።

እማማን በዚያ ምሽት የመለስኩላቸውም ይህንኑ ነው። ክዳኑ የሚያግደው ቫይረሱን አይደለም፣ ቢንቢዋን ነው፤ የቫይረሱ ፊደል ስለተለወጠ ቢንቢዋ በክዳን ማለፍ አትማርም። እንቁላሏን የምትጥለው ከውኃው ከፍ ብላ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ደርቆም ለወራት ስለሚቆይ፣ መክደን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን በብሩሽ ማሸት እንደሚያስፈልግም ጨመርኩላቸው። በዚህኛው ደስ አልተሰኙም።

የቢንቢዋስ ዘረመል አይለወጥም ወይ? ይለወጣል፤ መድኃኒት የሚቋቋሙ ቢንቢዎች የሚመጡት ከዚያ ነው። ያ ሌላ ሥራ ነው። በ2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ በበጋ ከተነሣው ወባ ጋር ስሟ የተነሣው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ቢንቢም የሌላ ታሪክ ሰው ናት፤ ወባ ደግሞ ቫይረስ አይደለም። ትኩሳት ሁሉ ወባ፣ ቢንቢ ሁሉ አንድ የሚሆንበት ወሬ ሲያጋጥመኝ መልስ መስጠት ትቻለሁ። «ልውጥ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ከልውጥ ዘር በቆሎ ጋር አያይዞ «እናንተ ናችሁ የምትለውጡት?» ያለኝም አለ። እኛ አንባቢዎች ነን፤ ብዕሩ እጃችን ላይ የለም።

ሌላው የሚምታታው «ዓይነት» ነው። ደንጌ አራት ዓይነት (ሴሮታይፕ) አለው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4። «ዓይነት 3 ተገኘ» ሲባል ዓይነት 2 ተለውጦ 3 ሆነ ማለት አይደለም። አራቱም የቆዩ ወንድማማቾች ናቸው፤ የተገኘው ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ነው። ይህ ዜና ግን በእርግጥ ሊያስጨንቅ የሚገባው ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ በመልእክቶቹ ውስጥ ከቶ አይነገርም። በአንዱ ዓይነት የታመመ ሰው ለዚያው ዓይነት ለረጅም ጊዜ መከላከያ ያገኛል። በሌላው ዓይነት ሲያዝ ግን የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ከማስቆም ይልቅ ወደ ሕዋስ እንዲገባ ሊያግዘው ይችላል፤ ደም መፍሰስና የደም ግፊት መውደቅ የሚያስከትለው ከባዱ ደንጌ በሁለተኛው ዙር የሚበዛው በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በፊት በዓይነት 2 የተጠቃ ከተማ ዓይነት 1 ሲገባበት ሐኪሞች አልጋና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ማዘጋጀት አለባቸው። ይህን ለማወቅ፣ በነገራችን ላይ፣ ሙሉ ዘረመል ማንበብ አያስፈልግም፤ ፒሲአር የሚባለው ተራ የቤተ ሙከራ ምርመራ ይለየዋል። ሙሉ ንባቡ የሚጨምረው «ከየት ዘመድ ጋር?» የሚለውን ነው።

ይህ «ከየት» የሚባለው ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል፤ ሰውም ጭነትም፣ በጎማ ውስጥ የደረቀ የኤደስ እንቁላልም። ስለዚህ ሰው መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነው የሚጠይቀን፦ «ከጅቡቲ ነው አይደል?» እኛ ማለት የምንችለው ግን «እስከ ዛሬ ከተነበቡት ውስጥ የቅርብ ዘመዱ ይህ ነው» ብቻ ነው። ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ፦ የአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ብቻ ከእሳት ቢተርፍ፣ በሀገሩ ያለ ግልባጭ ሁሉ ከዚያ ገዳም የወጣ ይመስላል። ብዙ ያነበበ ሀገር የሁሉም አባት ሆኖ ይታያል፤ ጥቂት ያነበበ ጎረቤት ከሐረጉ ላይ ይጠፋል። የቅርብ ዘመዱ ሩቅ ሀገር የተነበበ ቫይረስ ሆኖ ሲገኝ፣ ከመካከል ያሉት ጎረቤቶች ናሙና አልተነበበም ማለትም ሊሆን ይችላል። «ከእገሌ ሀገር መምጣቱ በዘረመል ተረጋገጠ» የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር ጥርሴን የምነክሰው ለዚህ ነው። «ማን አስያዘኝ» ለሚሉትም እንደዚሁ፦ በዓመት ከ10 ፊደል በታች የሚለወጥ ቫይረስ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአንተና በጎረቤትህ መካከል ምንም ምልክት ላይተው ይችላል። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ግልባጭ ይዛችሁ ትገኛላችሁ፤ ተጣሉ ብሎ የሚያዝ ፊደል የለም።

ከእኛ ሥራ ውጪ ያለ ሰው የማያየው አንድ ነገርም አለ። ቫይረሱ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ቀናት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ፓራሲታሞል ይውጣል፣ ከዚያ ዝንጅብል ያፈላል፣ ሳምንት ሲሞላው ጤና ጣቢያ ይመጣል። በድሬዳዋ ሙቀት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቆም ደግሞ የቀረውም ይበላሻል። እንዲህ ያለ ናሙና ሲነበብ መጽሐፉ ብል የበላው ይሆናል፤ ያልተነበበበት ቦታ ሁሉ «ኤን» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ኤን «አላነበብኩም» ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ኤኖቹን ቆጥሮ «ይህን ያህል ለውጥ ተገኝቷል» ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ቀን። የቫይረሱን ጉዞ በጊዜ ለማስላት የናሙናው ቀን የግድ ነው፤ ቀን የሌለው ዘረመል ለዚህ ሥራ አይረባም፣ የተሳሳተ ቀን ያለው ደግሞ ከሌለው የባሰ ነው። በአንድ ወቅት ከቺኩንጉንያው ወረርሽኝ ዘመን የቆየ የናሙና ቅጽ እጄ ደረሰ፤ በላዩ 6/13/2011 ተብሎ በጥሩ እጅ ተጽፎበታል። ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ማለት ነው፤ ያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች፣ በአውሮፓውያን መስከረም 11 ቀን 2019። የእኛ ኮምፒውተር ግን 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም፤ ሳያጉረመርም አገላብጦ ጁን 13 ቀን 2011 አደረገው። ቫይረሱ በአንድ ጊዜ ከስምንት ዓመት በላይ አረጀ። በሐረጉ ላይ ስናስቀምጠው ገና ያልደረሰበትን ዘመን ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ የያዘ ጉድ ሆኖ ወጣ፤ በቦታው የነበረ ወጣት ባልደረባዬ «ይህ እንግዲህ በፍጥነት የሚለወጥ አዲስ ዝርያ ነው» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ቅጹን አሳየሁትና ወደ ላከልን የጤና ባለሙያ ደወልኩ። ሰውየው ተቆጣኝ፦ «ጳጉሜን መሆኑ አይታይም እንዴ?» አለኝ።

ለእኔና ለእሱ ይታያል።