«ዕጣ ከወጣ በቃ!» እና ሌሎች የኮንዶሚኒየም ወሬዎች

ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቡና ከተፈላ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ነው። ግማሹ ዕጣ የወጣለት ነው፣ ግማሹ ተከራይ፣ ግማሹ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ። (ግማሹ በዛ መሰለኝ።) ከሚወራው ውስጥ ሰው የሚሳሳትባቸውን ላንሳ።

«ዕጣ ከወጣ በቃ፣ የቤት ባለቤት ሆንኩ።»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። 20/80 የሚባለው የመንግሥት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከቤቱ ዋጋ ሃያ በመቶውን ራስህ ትከፍላለህ፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድርሃል ማለት ነው። ብድር ደግሞ ወለድ አለው። በ2005 ሲመዘገብ ባለ አንድ መኝታ የመረጠ ሰው በወር 274 ብር ይቆጥብ ነበር። አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ቢያስቀምጥ 16,440 ብር ይሆናል። ይኼ ብር ሃያ በመቶ የሚሞላው የቤቱ ዋጋ 82,200 ብር ቢሆን ነው። በዚህ ዋጋ ቤት የት አለ? ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ የካሬው ዋጋም አብሮ ወጣ፣ ደብተሩ ግን ባለበት ቀረ። ስለዚህ እልልታው ሳያልቅ ሩጫ ይጀመራል። እቁብ ቶሎ እንዲደርስ ዳኛውን መለመን፣ ወንድም ጋ መደወል፣ ወርቅ መሸጥ።

ይኼ ሁሉ አልፎ ቁልፍ ስትረከብ ደግሞ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ቀለም አልነካውም። አንዲት ጉልት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት አውቃለሁ። ቅድመ ክፍያውን እንደምንም ከፈሉና የፊኒሺንግ ብር አለቀባቸው። የመኝታ ቤቱ በር ሦስት ዓመት ሙሉ አበባ ያለው መጋረጃ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «በሩን ዝጉት» እያሉ ይስቃሉ።

«ቤቱን የሚያከራይ ሰው መጀመሪያውኑ ቤት አያስፈልገውም ነበር።»

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ከደመወዙ መክፈል ያልቻለ ሰው ቤቱን አከራይቶ፣ እሱ ረከስ ያለ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይከራያል። የራሱ ቤት ለባንክ ይሠራለታል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩት አሉ፣ እኔ ግን መፍረድ አልችልም።

«የቀበሌ ቤት የኖረበት ሰው ነው።»

አይደለም። በ1967 ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ከተወረሱ ወዲህ የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው፣ ነዋሪው ተከራይ ነው። ለነዋሪው ብር ከፍሎ የቀበሌ ቤት የተረከበ፣ ማለትም ቁልፍ «የገዛ» ሰው፣ የገዛው ነገር የለም። የድሮው ልደታ ሲፈርስ ተከራዮች ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ሌላ ቀበሌ ቤት መውሰድ ይችሉ ነበር። ቅድመ ክፍያ ያጣ ቀበሌ ቤት ወሰደ።

«መሐል ከተማ ይደርሰኛል።»

ሊሆን ይችላል፣ ግን አትጠብቅ። ብዙው ቤት የተሠራው ከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ነው። መርካቶ የሚውል ሰው የታክሲውንም ያስላ።

«ብር ብትሰጠው ስምህን የሚያስገባልህ ሰው አለ።»

ሐምሌ 2014 የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ። ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ገብቶ ተገኘና ዕጣው ተሰረዘ፣ ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ስም አስገባለሁ ባዩ ብርህን ይቀበላል፣ ደረሰኝ ግን አይሰጥህም።

«ከፈለግኩ ነገ እሸጠዋለሁ።»

ከውርስ በቀር አምስት ዓመት ሳይሞላ ለሌላ ማዛወር አይቻልም። እዚህ ላይ ደላላው «በውክልና እንጨርሳለን» ይላል። ውክልና ግን ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፣ ከሞተም አብሮት ይቀራል። ያኔ ገዢው ብሩን ከፍሎ፣ ሴራሚኩን አንጥፎ፣ ከሟች ልጆች ጋር ፍርድ ቤት ይመላለሳል።