ማስተርስ እየተማሩ በኩባንያ መሥራት፦ ከአዳማ ወደ ጀርመን የሚሄዱ መሐንዲሶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምረው ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጀርመን ለመሄድ የሚዘጋጁ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ብዙ ጊዜ ምክር ይጠይቁኛል። እኔም እዚያ በተማርኩባቸው ዓመታት በአንድ ማሽን አምራች ኩባንያ የሙከራ ክፍል ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት እሠራ ስለነበር የማውቀውን አልሸሽግም። ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከአንድ ስሕተት ነው፤ ሥራው ተማሪው ሙያውን የሚማርበት ቦታ መሆኑ ተዘንግቶ የገንዘብ ምንጭ ብቻ ተደርጎ ይታያል።

«ሥራ ስለሚያገኝ ገንዘብ ይዞ መሄድ አያስፈልገውም።»

ባለፈው ክረምት ፖስታ ቤት አካባቢ ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ልጃቸው የቪዛ ቀጠሮ የሚጠብቅ አንድ ጎረቤቴ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። የአንድ ሰዓት ክፍያን በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን አባዝተው፣ ወደ ብር ቀይረው፣ ከድምሩ ሥር ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። «በዚህ ሂሳብ በስድስት ወር ብድሩን ይመልሳል አይደል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ማባዛቱ ልክ ነው፤ ይህን ያህል ሰዓት ግን ለተማሪ አይፈቀድም» አልኳቸው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ስኮላርሺፕ ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ የሌለው አመልካች ቪዛ ከማግኘቱ በፊት ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ፣ ተማሪዎቹ ብሎክድ አካውንት በሚሉት፣ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። መጠኑ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ 11,904 ዩሮ ሲሆን፣ ተማሪው ጀርመን ከገባ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ወደፊት ይገኛል የተባለ ሥራ ይህን አይተካም። ሥራው ከተገኘ በኋላም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሚሠራበት የሰዓት 13.90 ዩሮ ዝቅተኛ ደመወዝ በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ከተቆራጭ በፊት በወር 1,200 ዩሮ ገደማ ያገኛል። ከዚህ ላይ 9.3 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ የጤና መድኅኑን፣ በወር ከ140 ዩሮ በላይ፣ ራሱ ይከፍላል፤ የቤት ኪራይ ይከተላል። ገቢው አንድን ጠንቃቃ ተማሪ ሊያኖር ይችላል፤ አዳማ ያለን ብድር በስድስት ወር መመለስ ግን አይችልም። ይህን ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ለቤተሰብ በግልጽ መናገር የተማሪው ግዴታ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ወጣቱን ከተፈቀደው በላይ እንዲሠራ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ከቤት የሚደወልለት ስልክ ነው።

«ሰዓቱን ማንም አይቆጥርም፤ ቢቆጠርም 20 ሰዓት ማለት ያው ነው።»

ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም በሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እነዚህን ሁለቱን ስለሚያቀላቅሉ ነው። አንደኛው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲሆን፣ ጀርመናዊ ሆነ ኢትዮጵያዊ፣ ቬርክሽቱደንት፣ ማለትም እየተማረ በኩባንያ የሚሠራ ተማሪ፣ ተብሎ የተቀጠረ ሰው ትምህርት በሚሰጥባቸው ሳምንታት በመርህ ደረጃ ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይገድበዋል፤ ሁለት ቦታ የሚሠራ ከሆነ የሁለቱም ሰዓት ይደመራል። ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ ሲሆን የሚመለከተው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡትን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል፤ እስከ 4 ሰዓት ድረስ የተሠራ ሥራ እንደ ግማሽ ቀን ይያዛል። ከዚያ በፊት የነበረው 120 ሙሉ ቀን ስለሆነ፣ ቀደም ብለው የሄዱ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ዛሬ አይሠራም።

በዚሁ ማሻሻያ ለተማሪው የሚጠቅም ሌላ አቆጣጠርም ገብቷል። በትምህርት ወቅት እስከ 20 ሰዓት የተሠራበት ሳምንት እንደ 2 ቀን ተኩል ብቻ እንዲታሰብ ተፈቅዷል፤ በዕረፍት ወቅትም አንድ ሳምንት፣ ሙሉ ሰዓት ቢሠራበት እንኳ፣ ያው 2 ቀን ተኩል ይያዛል። 52 ሳምንት በዚህ ሲታሰብ 130 ቀን ስለሚሆን፣ ዓመቱን ሙሉ በሥርዓት የሚሠራ ተማሪ ከ140 ቀኑ አያልፍም። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በረዳትነት የሚሠራ ሥራና በሥርዓተ ትምህርቱ ግዴታ የሆነ ኢንተርንሺፕ ከ140 ቀኑ ላይ አይቀነሱም። በአንጻሩ፣ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በራስ ስም ደረሰኝ እየቆረጡ መሥራት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል።

«ኩባንያዎች የውጭ ተማሪ የሚቀጥሩት ርካሽ ስለሆነ ነው።»

የቬርክሽቱደንት ቅጥር ለአሠሪው የጤናና የሥራ አጥነት መድኅን መዋጮን እንደሚያስቀር አልክድም፤ ነገር ግን ይህ ለጀርመናዊው ተማሪም እኩል የሚሠራ ነው፤ ዝቅተኛው ደመወዝም ዜግነት አይለይም። ከዝቅተኛው ደመወዝ ውጭ የሚሆነው ግዴታ የሆነው ኢንተርንሺፕ ነውና፣ ውል ሲፈረም የትኛው እንደሆነ ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ ባየሁት፣ ኩባንያው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሰውየውን ማወቅ ነው፤ አንድ ዓመት አብሮ ሠርቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን እዚያው ሠርቶ የጨረሰን መሐንዲስ መቅጠር በሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ብቻ ከመፍረድ ይሻላል።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጀርመንኛ አያስፈልግም።»

ሶፍትዌር በሚጽፉ ቡድኖች ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻውን የሚበቃበት ቦታ አለ። በማሽን፣ በኤሌክትሪክና በግንባታ ዘርፍ ግን ብዙውን ጊዜ አይበቃም። ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ማሽኑ ወስዶ፣ ቢጫ ሳጥን ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ በጣቱ እያመለከተ «ኖት አውስ» አለኝ፤ እኔንም ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ማለት ነው። ቀጥሎ የደኅንነት መመሪያውን በጀርመንኛ አነበበልኝና በመጨረሻ እንደገባኝ እንድፈርም ወረቀት ዘረጋልኝ። ከግማሽ በላዩን አልገባኝም ነበርና አልፈርምም አልኩት፤ በማግስቱ ከአንድ ባልደረባ ጋር ቀስ ብለን ዳግም አነበብነው። ቋንቋውን እዚሁ አዳማ ሳለሁ ብጀምር ኖሮ ብዬ ዛሬም እቆጫለሁ።

«ዋናው የዲግሪው ውጤት ነው።»

ውጤት ይታያል፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ግን ምን እንደሠራህ ነው። በአራተኛ ዓመት የሠራችሁትን ኢንተርንሺፕ «በድርጅቱ ተለማምጃለሁ» ብላችሁ በአንድ መስመር አትለፉት፤ የትኛውን ማሽን እንደፈታችሁ፣ ምን እንደለካችሁ፣ ስሌቱን በምን ፕሮግራም እንደሠራችሁ ሲቪያችሁ ላይ ጻፉ።

«ኩባንያው ከወደደኝ የመኖሪያ ፈቃዴ አያሳስበኝም።»

ተማሪ ሳለህ ፈቃድህ የታሰረው ከትምህርትህ ጋር ነው። ለማሳደስ ስትሄድ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ የሚመለከተው ያለፍካቸውን ፈተናዎች ነው፤ የአለቃህ የምስጋና ደብዳቤ የወደቁ ፈተናዎችን አያካክስም። ስለዚህ ፈተና ሲቃረብ ሰዓት እንዲቀነስ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ለሁለት ወር ወደ 10 ሰዓት ዝቅ እንዲልልኝ ስጠይቅ አለቃዬ ያለ ክርክር ፈቅዶልኛል። ከተመረቁ በኋላ ሕጉ በሙያ ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር የሚደርስ ፈቃድ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ያለ ሰዓት ገደብ መሥራት ይቻላል።